ዝገት የበላውን ቢላ ማደስ፦ ከምናለሽ ተራ ብረት እስከ ወይራ እጀታ

መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ዕቃ መሃል የሚወጣ ቢላ ሁሉ ልፋት የሚገባው አይደለም። አንዱ ላዩ ቢዝግም ውስጡ ጤነኛ ነው፤ ሁለት ቅዳሜ ከተሠራበት ከአዲሱ የሱቅ ቢላ የተሻለ ይቆርጣል። ሌላው ዝገቱ ስለቱ ድረስ ዘልቆ ስለገባ በተሳለ ቁጥር እየተሸረፈ ያስቸግራል። ይህ መመሪያ ለጀማሪ የሚመቸውን ዓይነት ይዞ ይሄዳል፦ የሚዝግ የካርቦን ብረት፣ ከ15 እስከ 25 ሳንቲሜትር ስለት፣ ብረቱን በሁለት ጎን አቅፎ በሪቬት (ከጎን ወደ ጎን ዘልቆ በሚይዝ ምስማር) የተያዘ የእንጨት እጀታ።

አሮጌ ቢላን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ዝገት ሳይሆን የአዳሹ ችኮላ ነው። በግራይንደር ሙቀት የለሰለሰ ስለት ካለ አንጥረኛ እሳት አይጠነክርም፤ የተፋቀ ብረትም አይመለስም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከለስላሳው ዘዴ ይጀምራል፤ ወደ ጠንካራው የሚኬደው ለስላሳው እምቢ ሲል ብቻ ነው።

መጀመሪያ ብረቱን እወቁት

ማህተም ካለው አንብቡት። የእንግሊዝኛው «ስቴንለስ»፣ የፈረንሳይና የጣልያኑ «ኢኖክስ»፣ የጀርመኑ «ሮስትፍራይ» ሦስቱም የማይዝግ ብረት ማለታቸው ነው። እንዲህ ያለው ቢላ ይታደሳል፤ ግን የአቸቶውና የቡናው ሥራ አይመለከተውም። «ሸፊልድ» እና «ሶሊንገን» ብዙ ሰው እንደሚመስለው የፋብሪካ ስም ሳይሆኑ በቢላ ሥራ የታወቁ የእንግሊዝና የጀርመን ከተሞች ናቸው፤ የብረቱን ዓይነት ብቻቸውን አይናገሩም። የማይዝግ ብረት ሃሪ ብሪርሊ ሸፊልድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1913 ከሠራው በኋላ የተስፋፋ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ ቢላ ካጋጠማችሁ የካርቦን ብረት ነው።

ማህተም ከሌለውና የመዶሻ ምት ከታየበት የአንጥረኛ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። አትናቁት። የባሌስትራ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 0.6 በመቶ የሚጠጋ ካርቦን አለው፤ በደንብ ከጠነከረ ለሥጋ ቢላ የሚበቃ ብረት ነው።

በማግኔት ለመለየት አትሞክሩ፤ አብዛኛው የማይዝግ የቢላ ብረትም በማግኔት ይሳባል። ይልቅ ትንሽ ቦታ እስኪያበራ ፍቁና አንድ ጠብታ ሎሚ አንጠባጥቡበት። በ10 ደቂቃ ውስጥ ግራጫ ምልክት ከተወ የካርቦን ብረት ነው።

ከዚያ ጉዳቱን መርምሩ። ቢላውን በእጀታው በኩል አንጠልጥላችሁ በምስማር ንኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ጥሩ ነው፣ የታፈነ ድምፅ የላላ እጀታ ወይም የተደበቀ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ካያችሁ ከእናንተ በፊት በድንጋይ ማሽን ያቃጠለው ሰው አለ፤ ያ ቦታ ስለት አይዝም። ስለቱ ጠርዝ ላይ ያለ የዝገት ጉድጓድ ጎን ላይ ካለው በጣም ይብሳል፤ ሲሳል ጉድጓዱ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ይወጣል። ጥፍራችሁ የሚገባበት ጉድጓድ በስለቱ መስመር ላይ ከተደረደረ ቢላውን ለመለማመጃ ያዙት እንጂ ገንዘብ አታውጡበት።

ጽሑፍ ወይም ጌጥ ያለበት ጎራዴ፣ ሾተል ወይም የቤተሰብ ቅርስ ግን በዚህ መመሪያ አይነካም። በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠርጎ ማስቀመጥ ይበቃል። ማበራት ዋጋውንም ታሪኩንም ይፍቃል።

ዕቃ

አሴቲክ አሲዱ 5 በመቶ የሆነ አቸቶ 2 ሊትር፤ ቤኪንግ ሶዳ፤ የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 120፣ 220፣ 320፣ 400 እና 600 (ውሃ የሚችለው ጥቁሩ ዓይነት)፤ ሞርሳ፤ ለስላሳና ሻካራ ሞረድ፤ መሰርሰሪያ፤ 5 ሚሊሜትር የነሐስ ዘንግ 15 ሳንቲሜትር ያህል፤ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ማጣበቂያ፤ ሁለት ወይም ሦስት መቆንጠጫ፤ ስፒሪት፤ የተልባ ዘይት፤ ቁጥር 400 እና 1000 መሳያ ድንጋይ። አፍና አፍንጫ መሸፈኛ አትርሱ፤ የወይራም የቀንድም ብናኝ ሳንባ ያስቆጣል። እጀታው ላይ በምትሠሩበት ጊዜ ሁሉ ስለቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑት። በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ ጓንት አታድርጉ፤ ጓንቱን ከያዘው ጣታችሁን አስከትሎ ይወስዳል።

እጀታውን ማውለቅ

እጀታው ካልላላና ካልተሰነጠቀ አታውልቁት። አጥባችሁ፣ አሸታችሁ፣ ዘይት ብትቀቡት ይበቃል። የላላ ከሆነ ግን ማውለቅ ግዴታ ነው፤ በእንጨቱና በብረቱ መሃል የገባ እርጥበት ከውስጥ እየበላ ስለሆነ።

የሪቬቱን ራስ ከእንጨቱ ጋር እኩል እስኪሆን ሞርዱት። መሃሉን በሹል ብረት ነጥብ ምቱ፤ ካለዚያ የመሰርሰሪያው ጫፍ ይንሸራተታል። ከሪቬቱ በ1 ሚሊሜትር በቀጠነ ጫፍ ሰርስሩና የቀረውን በቀጭን ዘንግ ግፉት። ከሥር የተበሳ የእንጨት ድጋፍ ይኑረው፤ ባዶ አየር ላይ ከመታችሁ እንጨቱም ይፈነጫል፣ ወደ እጀታው የሚገባው የብረቱ ጭራም ይጎብጣል። የወለቀውን እንጨት አትጣሉ፤ ለአዲሱ ልክ መውሰጃ ይሆናል።

ዝገቱን ማስለቀቅ

ላይ ላዩን ለያዘ ዝገት ነጭ ጋዝ ወይም ቀጭን ዘይት ቀብቶ አንድ ሰዓት አቆይቶ በብረት ሱፍ ማሸት ይበቃል። ለወፈረው አቸቶ ነው።

ቢላውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ከቅባት አጽዱት። ቅባት ያለበትን ቦታ አቸቶው አይነካውምና ነብር መስሎ ይወጣል። ጠባብና ረጅም ዕቃ (የተቆረጠ የፕላስቲክ ቧንቧ አንድ ጫፉ የተደፈነ ጥሩ ነው) ውስጥ አቁማችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈን አቸቶ ሙሉበት። ግማሹ ከውጭ ከቀረ በአቸቶው ወለል መስመር ላይ ብረቱ ለብቻው ይበላና የማይጠፋ ጭረት ይተዋል። በየ2 ሰዓቱ አውጥታችሁ በጥርስ ብሩሽ እሹት። ቀላሉ በ4 ሰዓት፣ ከባዱ በአንድ ሌሊት ይለቃል። ከ24 ሰዓት በላይ አታቆዩት፤ ዝገቱ ሲያልቅ አሲዱ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል፣ ላዩም ሻካራ ይሆናል።

ወጥቶ ሲታይ ብረቱ ደብዛዛ ግራጫ ነው። የአንጥረኛ ቢላ ከሆነ አንድ ነገር በጥንቃቄ እዩ፦ ከስለቱ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚሄድ፣ ከላይና ከታች ቀለሙ የሚለያይ ወላዋይ መስመር ሊኖር ይችላል። አንጥረኛው ስለቱን ብቻ ነክሮ አጠንክሮት ነበር ማለት ነው። የጠነከረው ከመስመሩ በታች ያለው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስለቱን ስታስተካክሉ እስከ መስመሩ ከበላችሁት የሚቀራችሁ ለስላሳ ብረት ነው። የመስመሩን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉበት።

እንደወጣ ወዲያው 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ እጠቡት፤ አረፋው እስኪቆም። ከዚያ በሚፋጅ ውሃ አለቅልቁ፣ ብረቱ ራሱ ሙቀቱን ይዞ ቶሎ እንዲደርቅ፤ ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡት። ይህን የዘለለ ሰው ቢላውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ብርቱካናማ ሆኖ ያገኘዋል፤ የቀረው አሲድና አየር ሲገናኙ አዲስ ዝገት በፍጥነት ስለሚወልዱ።

ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ዝገት በአቸቶ ካልወጣ የኤሌክትሪክ ዘዴ አለ። በፕላስቲክ ባልዲ 4 ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት (የልብስ ማጠቢያ ሶዳ) ጨምሩ፤ ቢላውን ከ12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቭ፣ የማይረባ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር አያይዙ፤ ሁለቱ አይነካኩ። ከተገላበጠ የሚበላው ቢላው ነው። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት በጭራሽ አታድርጉ፤ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ወደ ውሃው ይለቃል። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ደጅ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን፤ ሽቦ ከማውለቃችሁ በፊት ቻርጀሩን አጥፉ።

ማለስለስ፦ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል

የብርጭቆ ወረቀቱን በጣት ብቻ ይዞ ማሸት ብረቱን ሞገድ ሞገድ ያስመስለዋል። ቀጥ ያለ የእንጨት ወይም የብረት ቁራጭ ላይ ስስ ቆዳ ለጥፉና ወረቀቱን በዚያ ላይ ጠቅልሉ። ቢላውን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስተኝታችሁ ከጭራው በኩል በመቆንጠጫ እሰሩት፤ ስለቱ ከእንጨቱ ጠርዝ ወጣ አይበል።

በ120 ጀምሩ፣ ጥቂት ሳሙና ያለበት ውሃ እየጨመራችሁ። ሁሉም ጭረት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን፣ ለምሳሌ ከጀርባው ወደ ስለቱ። ወደ 220 ስትሻገሩ አቅጣጫውን በ45 ዲግሪ አዙሩ። የ120ው ጭረት አንድም ሳይቀር ሲጠፋ ብቻ ወደ 400 እለፉ፤ ከዚያ 600። አቅጣጫ የሚቀያየረው ለዚሁ ነው፦ ያለፈው ጭረት አግድም ሆኖ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። በመስኮት በኩል በሚመጣ የጎን ብርሃን እዩት፤ የጣሪያ መብራት ጭረት ይደብቃል። በ600 ላይ የወጣ የ120 ጭረት ካያችሁ 600ውን በማብዛት አይጠፋም፤ ወደ 220 መመለስ ነው። የመጨረሻው ማሸት ከእጀታ ወደ ጫፍ፣ ሳይመላለስ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሁን።

ጥልቅ ጉድጓዶቹን ተዉአቸው። አንድ ጉድጓድ ለማጥፋት የቢላውን ጎን በሙሉ በዚያ ልክ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ያ ዋጋ የለውም። ማህተሙንም በ400 ወረቀት ጭረቱን ተከትላችሁ ቀለል አድርጋችሁ ንኩት እንጂ በሻካራው አትምጡበት።

በግራይንደር መሥራት ግድ ከሆነባችሁ በባዶ እጅ ያዙት፤ ጣት ካልቻለው ብረቱም አልቻለውም። ከእያንዳንዱ ማለፍ በኋላ ውሃ ውስጥ ንከሩ። ብረት ሲግል የሚያሳየው ቀለም ሐቁን ይናገራል፦ ፈዛዛ ቢጫ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ቡናማ 260፣ ሰማያዊ 300 ገደማ። አብዛኛው የካርቦን ብረት ቢላ ከጠነከረ በኋላ ከ180 እስከ 250 ዲግሪ ተመልሶ የተጋገረ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጥንካሬው ይቀንሳል። ስሱ ጠርዝ ከሁሉ በፊት ይግላል፤ ሰማያዊ ሆኖ ያየነውን ቀለም ፍቆ ማጥፋት ደግሞ ጉዳዩን አይፈታውም፣ ልስላሴው ከሥሩ አለ።

የተሸረፈ ስለት ካለ አሁን ነው የሚስተካከለው። ስለቱን ሻካራው መሳያ ድንጋይ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ (90 ዲግሪ) ጎትቱት፤ ሽርፋቱ እስኪጠፋ። ቢላውን ማደንዘዝ ይመስላል፤ ነውም። ግን በየጎኑ እየሳሉ ሽርፋት ማሳደድ ስለቱን ያወላግደዋል።

ጥቁር ቀለም ከቡና

ይህ በፍላጎት ነው፤ ግን የካርቦን ብረትን ከሚያሳምሩ ነገሮች ሁሉ ርካሹ ነው። ቡና ውስጥ ያለው ታኒንና አሲድ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ከግራጫ እስከ ጥቁር የሚደርስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑም ቀይ ዝገትን በመጠኑ ያዘገያል። 1 ሊትር ውሃ ላይ 100 ግራም የላመ ቡና 10 ደቂቃ አፍሉ፤ አጥሉና አቀዝቅዙ፤ 50 ሚሊሊትር አቸቶ ጨምሩ። በረካ አይሆንም፤ አቦል ይሁን። ቢላውን በሳሙና ከዚያም በስፒሪት አጽዱና ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩት፤ የጣት አሻራ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከታች ሳይነካ አንጠልጥላችሁ ከ3 እስከ 8 ሰዓት አቆዩት፣ በየሰዓቱ አውጥታችሁ የያዘውን ልቅላቂ በውሃ እያጠባችሁ። መጀመሪያ ዥጉርጉር ቢሆን አትደንግጡ፤ እየቆየ ይመጣጠናል። ሲያበቃ ቤኪንግ ሶዳው፣ ሙቅ ውሃው፣ ዘይቱ እንደ በፊቱ።

አዲሱ እጀታ

ለእጀታ ወይራን የሚያህል እንጨት በቅርብ አይገኝም፦ ከባድ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅባታማና ሲታሽ መልኩ የሚወጣ ነው። ዋንዛ ለመሥራት ይቀላል፤ ግን ቀሎ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበሳል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የበሬ ቀንድ ያምራል፤ ጠፍጣፋ ለማድረግ በፈላ ውሃ አለስልሶ በሁለት ሳንቃ መሃል መጫንና ለሳምንታት ማድረቅ ስለሚጠይቅ ለሁለተኛ ቢላችሁ አቆዩት።

እንጨቱ መድረቁን በኩሽና ሚዛን እወቁ። በሳምንት አንድ ጊዜ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። እርጥብ እንጨት ከተጣበቀ በኋላ ይኮማተርና ብረቱ ከእጀታው ጠርዝ ወጥቶ እጅ ይቆርጣል።

ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር የወፈሩ ሁለት ክፋዮች ቁረጡ፤ ከብረቱ ጭራ ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ይትረፉ። ከብረቱ ጋር የሚገናኘውን ፊት መስተዋት ላይ በተዘረጋ ቁጥር 120 ወረቀት አሹት። ሁለቱን ክፋዮች በብርሃን ፊት ገጥማችሁ ስታዩ በመሃል ብርሃን ካለፈ ገና ነው።

አሁን ጀማሪ ሁሉ የሚዘለው ነገር፦ ወደ ስለቱ የሚያየውን የክፋዮቹን የፊት ጫፍ ከማጣበቃችሁ በፊት ቅርጽ ስጡትና እስከ 400 አልስልሱት። ሁለቱን አንድ ላይ አስራችሁ ሥሩት፣ እኩል እንዲሆኑ። ከተጣበቀ በኋላ ያንን ቦታ መንካት ማለት ስለቱን መቧጨር ማለት ነው።

ለመሰርሰር አንዱን ክፋይ ከብረቱ ጋር እሰሩና በብረቱ ቀዳዳ በኩል እንጨቱን ብሱ፤ ከሥር ሌላ እንጨት ይኑር። አንድ ዘንግ ከትታችሁ ሁለተኛውን ብሱ። ከዚያ ሌላውን ክፋይ በሌላው ጎን እንዲሁ። የብረቱ ቀዳዳ ከ5 ሚሊሜትር ከጠበበና ጭራው የጠነከረ ሆኖ መሰርሰሪያው እምቢ ካለ፣ አትታገሉ፤ ቀጭን ዘንግ ተጠቀሙ። ሁለቱንም ክፋይ፣ ብረቱንና ዘንጎቹን ያለ ሙጫ አንድ ጊዜ ገጥማችሁ ሞክሩ። ዘንጉ በጣት ግፊት መግባት አለበት፤ በመዶሻ የገባ ዘንግ እንጨቱን ዛሬ ባይሰነጥቅ በበጋ ይሰነጥቀዋል።

ብረቱንና ዘንጎቹን በቁጥር 80 ሻካራ አድርጉ። ሁሉንም በስፒሪት ጥረጉ፤ ወይራው ቅባት ከውስጥ ስለሚያወጣ ማጣበቂያው ሊቀባ ደቂቃ ሲቀረው ዳግም ይጠረግ። አብዛኛው «ወይራ ላይ ሙጫ አይዝም» የሚባል ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኢፖክሲውን ማሸጊያው ባዘዘው ምጥጥን በሚዛን ለኩ፤ ለአንድ እጀታ 10 ግራም ገደማ ይበቃል። በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን ዓይነት ተዉት፤ ሁለተኛውን ክፋይ ሳትገጥሙ ይጠነክርባችኋል፣ ለውሃም ደካማ ነው። ስትቆነጥጡ ሙጫው ዙሪያውን ጠብ ጠብ ሲል አቁሙ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ሙጫውን በሙሉ ያስወጣና ደረቅ መጋጠሚያ ይተዋል። ወደ ስለቱ የፈሰሰውን ገና እርጥብ ሳለ ስፒሪት በነካ ጥጥ ጥረጉ። 24 ሰዓት፣ ብርድ ከሆነ 48 ይቆይ።

ሲደርቅ ትርፉን በሻካራ ሞረድ አውርዱ፣ በ80፣ 120፣ 220፣ 320 አሹ። ነሐሱ ላይ ቶሎ ቶሎ አትሹ፤ ይግላል፣ ሙቀቱም ኢፖክሲውን ያላላል። ከ220 በኋላ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ሲደርቅ የቆመውን ጭራሮ በ320 አንሱት። ይህ ካልተደረገ ቢላው መጀመሪያ በታጠበ ቀን እጀታው ይሻክራል።

የተልባ ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ 20 ደቂቃ ቆይታችሁ ትርፉን በሙሉ ጥረጉ፣ ቢያንስ አንድ ቀን አድርቁ፤ ይህን አራት አምስት ጊዜ ድገሙ። ወፍሮ የተቀባ የተልባ ዘይት አይደርቅም፤ እንደ ሙጫ ይቀራል። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። በመጨረሻ አንድ እጅ ሰም ከሦስት እጅ የተልባ ዘይት ጋር በሙቅ ውሃ ላይ አቅልጣችሁ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ እሹበት።

መሳል

ፕላስተሩ የሚነሣው አሁን ነው። ለወጥ ቤት ቢላ በየጎኑ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ፣ አጥንት ለሚነካው 25። ዲግሪ በዓይን አይለካም፤ በጀርባው ከፍታ ለኩት፦ 4 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ቢላ 15 ዲግሪ የሚሆነው ጀርባው ከድንጋዩ 1 ሳንቲሜትር ሲነሣ ነው፣ ለ20 ዲግሪ 1.4። 5 ሳንቲሜትር ለሚሰፋው 1.3 እና 1.7። ጠርዙን በማርከር ቀቡና ጥቂት ጎትቱ፤ ቀለሙ ወደ ጀርባው በሚያየው በኩል ብቻ ከጠፋ ጀርባውን አንሡ፣ ከስለቱ አፍ ብቻ ከጠፋ ዝቅ አድርጉ።

በ400 አንዱን ጎን ሳሉ፤ በሌላው ጎን ከእጀታ እስከ ጫፍ ጣት የሚይዝ የተቆለመመ ስስ ጠርዝ እስኪሰማችሁ። ያ ካልተሰማ ስለቱ ገና አልተገናኘም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቸኩሎ «ድንጋዩ አይረባም» ይላል። ሌላውን ጎን እንዲሁ፤ ከዚያ በ1000 በቀለለ እጅ እያፈራረቁ። የቀረውን ቁልማሚ በቀበቶ ቆዳ የውስጥ ፊት ላይ፣ ጀርባውን አስቀድሞ፣ በየጎኑ 20 ጊዜ ያህል ጎትቱ። የተንጠለጠለ ወረቀት ሳይቀደድ ከቆረጠ በቅቷል።

የካርቦን ብረት ቢላ ቡናው ባይቀባውም በሥራ ይጠቁራል፦ ቁርጥ ሥጋ ሰማያዊ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ጥቁር ግራጫ ይተዉበታል። ያ መከላከያው ስለሆነ አትፍቁት፤ የሚፈቀው ቀይ ሲሆን ብቻ ነው። ሎሚና ቲማቲም ከቆረጠ ወዲያው ይታጠብ፣ ይጠረግ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ስስ ዘይት ቀብታችሁ በወረቀት ጠቅልሉት፤ ቆዳ አፎት ውስጥ አታቆዩት፣ ቆዳው እርጥበትና የማልፊያውን አሲድ ስለሚይዝ ከመደርደሪያ ይልቅ እዚያ ቶሎ ይዝጋል።